ፍሬሽማን እንግሊዝኛን ከሥር መጀመር

ይህን የምጽፈው ፍሬሽማን እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ለተመደቡ አዳዲስ መምህራን ነው። በተለይ ማስተርሳቸውን ጨርሰው ወደ ክልል ዩኒቨርሲቲ ለሄዱት። የሬሜዲያል ክፍል፣ ማለትም በ12ኛ ክፍል ፈተና ማለፊያ ያላመጡ የሚማሩበት፣ ለደረሳቸውም ይሆናል። ተማሪዎችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ወደ መጨረሻው ለእናንተ ያልኩት አለ።

ሥራ ስትጀምሩ ሞጁል ይሰጣችኋል። ውስጡ ስለ ጤና፣ ስለ ዱር እንስሳት፣ ስለ ሕዝብ ብዛት የሚያወሩ ረጃጅም ምንባቦች አሉ። ኮንዲሽናል አለ። ፓሲቭ ቮይስ አለ። አንቀጽ ጻፉ የሚል መልመጃ አለ። ክፍል ስትገቡ ግን የሚጠብቃችሁ ሌላ ነው። ፊት ለፊታችሁ ከተቀመጡት ብዙዎቹ አጭር አንቀጽ ድምፅ አውጥተው ማንበብ ይቸግራቸዋል። አንዳንዶቹ ስለ ራሳቸው ሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ አይችሉም። ይህን አስቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው የለም። እኔም የነገረኝ አልነበረም። ያወቅሁት የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሥራ ሰብስቤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። የመጡበትን መንገድ አስቡት። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ነበር፤ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ነበር። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም ባንዴ እንግሊዝኛ ይሆናል። በአንዳንድ ክልል ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀመራል። በተግባር መምህሩ በአካባቢው ቋንቋ ያስረዳል፣ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሁሉም ምርጫ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ አንዲት አንቀጽ ጽፎ ሳይታረምለት ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። በዚያ ላይ በ2012 ትምህርት ቤት በኮቪድ ተዘጋ። ከዚያ ጦርነት መጣ። ዓመት ሙሉ ደብተር ሳይከፍቱ የከረሙ ልጆች አስተምሬያለሁ።

የ2014 ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ታስታውሳላችሁ። ሬሜዲያል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የማነሳው አንድ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲያቅተው “እንዴት እዚህ ደረሰ?” ብሎ እሱን መመልከት ስለሚቀል ነው። ከእሱ ጋር ያላችሁት አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ሴሚስተሩን በዚህ ጥያቄ አታባክኑት።

መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ዝምታ ነው። ትጠይቃላችሁ፣ ማንም አይመልስም። “ጥያቄ አላችሁ?” ትላላችሁ፣ ሁሉም ደብተሩን ያያል። ብዙ ባልደረቦቼ ይህን ፍላጎት ማጣት አድርገው ይወስዱታል። ከልጆቹ ጋር ቢሮ ውስጥ ለየብቻ ሳወራ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ፍርሃት ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የመጡ፣ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ የሚወርድላቸው ልጆች አሉ። ከገጠር የመጣው ልጅ አንዴ አፉን ከፍቶ ሲሳሳት ከኋላ ሳቅ ሰማ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አይናገርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ሳቁን ማስቆም ነው። በግልጽ ተናገሩት፤ እዚህ ክፍል በሰው ስህተት አይሳቅም በሉ። የሚስቅ ሲኖርም በዝምታ አትለፉት።

ቀጥሎ ማን የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የምርጫ ፈተና አትስጡ። ልጆቹ በምርጫ ፈተና የሠለጠኑ ናቸው፤ ውጤቱ ምንም አይነግራችሁም። እኔን የረዱኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ስለ ትውልድ ቦታቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገር አስጽፋለሁ። ሁለተኛ፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ቀስ ብዬ እያነበብኩ የሰሙትን እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ሦስተኛ፣ ሌሎቹ ሲጽፉ አንድ አንዱን ወደ ጠረጴዛዬ እጠራና አጭር ጽሑፍ በለሆሳስ ያነብልኛል። ማርክ የለውም። ማርክ እንደሌለው አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ከጎናቸው ይገለብጣሉ።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ሁልጊዜ ያው ነው ማለት ይቻላል። ክፍሉ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ያቃታቸው አሉ። አቀላጥፈው እያነበቡ ያነበቡትን የማይረዱ አሉ። እየተረዱ መጻፍና መናገር የማይችሉ አሉ። ሦስቱም ፈተና ላይ ያው ዝቅተኛ ውጤት ያመጣሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ሰዋስው ብቻ እየደጋገሙ ማስተማር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ምንም አይጠቅማቸውም።

ከመጀመሪያዎቹ ልጀምር፤ ማንም የማይነካቸው እነሱ ናቸውና። በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማረ ልጅ አንድ ምልክት አንድ ድምፅ እንደሆነ ለምዷል። “ለ” ሁልጊዜ “ለ” ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም፣ ይህን ደግሞ በግልጽ ያስተማረው የለም። ፊደላቱን በስማቸው ነው የሸመደዳቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ። በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ የተማሩት ልጆች ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። የላቲን ፊደል ከልጅነታቸው ያውቃሉ፣ ያ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ቁቤ ውስጥ “ሲ” የምትባለው ፊደል “ጭ” ናት፣ “ኤክስ” ደግሞ “ጥ” ናት። በሶማሊኛ አጻጻፍ “ሲ” እንደ ዐይን፣ “ኤክስ” እንደ ሐ ትነበባለች። ልጁ አዲስ ቃል ሲያገኝ በለመደው ያነባል። ይህን የማያውቅ መምህር ተማሪው ዝም ብሎ የሚገምት ይመስለዋል። ልጁ ግን እየገመተ አይደለም፤ የሚያውቀውን ሥርዓት በትክክል እየተከተለ ነው። ይህን ስትነግሩት ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ።

እንዴት ይስተካከላል? በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ለንባብ ድምፅ ስጡ። በአንድ ቀን አንድ ሕግ ብቻ። ለምሳሌ ቃል መጨረሻ ላይ ድምፅ የሌላት “ኢ” ስትመጣ የመሀሉ አናባቢ በስሙ ይነበባል፤ ካፕ የነበረው ኬፕ፣ ቢት የነበረው ባይት ይሆናል። ሌላ ቀን “ቲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤን” አንድ ላይ ሲመጡ እንዴት እንደሚነበቡ። እዚህ ላይ የቃል ምርጫው ወሳኝ ነው። ሬጂስትሬሽን፣ ኤግዛሚኔሽን፣ ፖፑሌሽን፣ ሶሉሽን በሉ። እነዚህን ልጁ በየማስታወቂያ ሰሌዳው፣ በየፈተና ወረቀቱ ያያቸዋል። አንዴ ሕጉን ሲይዝ በዚያው ሳምንት ግቢው ውስጥ ደርዘን ቃል ያነብበታል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው። ክህሎቱ የአንደኛ ደረጃ ቢሆንም ቃሉና ጉዳዩ የዩኒቨርሲቲ መሆን አለበት። ተማሪው ሃያ ዓመት የሞላው፣ ቤተሰቡ ተስፋ የጣለበት ሰው ነው። ማታ ዶርም ውስጥ ስለ አገር ጉዳይ ሲከራከር የሚያመሽ ሰው ነው። መጀመሪያ አካባቢ ግን በእጃችን የነበሩት ቀላል መጻሕፍት የሕፃናት ነበሩ፤ ድመት፣ ኳስ፣ ፊኛ የተሳለባቸው። አንድ ተማሪ ቢሮዬ ውስጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያነብልኝ በሩ ተንኳኳ። ልጁ መጽሐፉን ገልብጦ ደብተሩን ከላይ ጫነበት። ከዚያ በኋላ የሕፃናት መጽሐፍ ለተማሪ ሰጥቼ አላውቅም። ቋንቋውን አቅልሉት፣ ሰውየውን ግን አታሳንሱት። ቀላል እንግሊዝኛ ስለ ወባ፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ሥራ ቅጥር፣ ስለ ዓባይ ግድብ ሊያወራ ይችላል።

የሁለተኞቹ፣ አንብበው የማይረዱት፣ ችግር ጽሑፉ ራሱ ነው። ሰው ያለ እገዛ አንብቦ እንዲረዳ ከመቶ ቃል 98 ያህሉን ማወቅ እንዳለበት በንባብ ጥናት የታወቀ ነገር ነው። ይህ ማለት በአምስት መስመር ውስጥ ከአንድ በላይ አዲስ ቃል ካለ ልጁ መታገል ይጀምራል። የሞጁሉን ምንባብ በዚህ ዓይን እዩት። በየመስመሩ ሦስትና አራት ቃል የማያውቅ ተማሪ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልጎ ያንን መስመር ይገለብጣል። መልሱ ትክክል ይሆናል። ግን አላነበበም።

መፍትሔው ምንባቡን መጣል አይደለም፤ ፈተናው ከዚያው ይመጣልና። እኔ የማደርገው ይህ ነው። እያንዳንዱን ምንባብ ወደ ግማሽ አሳጥሬ በቀላል ቃል እንደገና እጽፈዋለሁ። ሐሳቡ ያው ነው። ዛሬ ቀላሉን ያነባሉ፣ ይወያዩበታል፣ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ይይዛሉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ዋናውን ያነባሉ። ሐሳቡን ስለሚያውቁት አዲሱ ቃል ራሱን ይገልጻል። ሥራው ለመምህሩ ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን አንዴ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። በዲፓርትመንታችሁ ያላችሁ መምህራን ምንባቦቹን ብትከፋፈሉ ደግሞ በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ነገሩ ሁሉ ዞሮ የተስተካከለልኝ ግን በአንድ የፊዚክስ ወረቀት ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ የሚድ ወረቀቱን ይዞ መጣ። “ቲቸር፣ ይህን ጥያቄ አውቀው ነበር” አለኝ። ስሌቱን በትክክል ሠርቷል። ከሥሩ መልስህን አስረዳ የሚል ትእዛዝ አለ። “ጀስቲፋይ” ነው የሚለው። ባዶ ትቶታል። ቃሉን አያውቀውም። ስለ እንግሊዝኛ ሊያነሳ አልነበረም የመጣው፤ ስለ ፊዚክሱ መምህር ቅሬታ ነበረው። እኔ ግን ወረቀቱን አይቼ ቀዘቀዝኩ። ይህ ልጅ ከእኔ የሚፈልገው ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በዚያው ሳምንት ከሒሳብ፣ ከባዮሎጂ፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከጂኦግራፊ መምህራን ያረጁ የፈተና ወረቀቶች ለመንኩ። ትእዛዝ የሚሰጡትን ቃላት ብቻ ለቅሜ አወጣሁ። ዲፋይን፣ ስቴት፣ ሊስት፣ ኮምፔር፣ ዲስከስ፣ ኢሉስትሬት፣ ዲራይቭ፣ ጀስቲፋይ። ብዙ አይደሉም፣ አንድ ገጽ አይሞሉም። እነሱን ለብቻ አስተማርኳቸው። እያንዳንዱ ቃል ምን ያህል ርዝመት ያለው መልስ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ስም መጥራት ብቻ እንደሚበቃው፣ የትኛው ምክንያት እንደሚጠይቅ። ከዚያ የምርጫ ጥያቄ ወጥመዶችን ጨመርኩ። “ከሚከተሉት ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ከአንዱ በቀር” የሚለውን አጠያየቅ ስንት ልጅ ተገላቢጦሽ እንደሚረዳው ብታዩ ታዝናላችሁ። “ኤክሴፕት” እና “ኖት” የሚሉትን ሳያከብቡ ጥያቄ እንዳይመልሱ አስለመድኳቸው።

ያን ክፍለ ጊዜ የሚቀር ተማሪ አልነበረም። ከሌላ ሴክሽን መጥተው ከኋላ የሚቆሙ ነበሩ። ለእንግሊዝኛ ደንታ የላቸውም የተባሉት ልጆች ናቸው እነዚህ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ሴሚስተሩን በዚህ ጀምሩ። እንግሊዝኛው በሌሎቹ ኮርሶች ውጤት ላይ ወዲያው ሲታይ ተማሪው ያምናችኋል። ካመናችሁ በኋላ ድምፁም ሰዋስውም ይከተላል።

ሦስተኞቹ፣ የሚረዱ ግን የማይጽፉት፣ መጻፍ ያለባቸው የሚያስፈልጋቸውን ነገር ነው። “የዕረፍት ጊዜዬን እንዴት አሳለፍኩ” የሚለውን ተዉት። መታወቂያ ለጠፋበት ተማሪ የማመልከቻ ደብዳቤ። የዶርም ለውጥ ጥያቄ። ከካፌ ወደ ኖን ካፌ፣ የምግቡን ገንዘብ ወደ መቀበል፣ ለመዞር ማመልከቻ። የግሬድ ቅሬታ። ለመምህር የሚላክ አጭር ኢሜይል። መጀመሪያ ሙሉውን ሰሌዳ ላይ አብረን እንጽፋለን። ከዚያ ስሙን፣ ምክንያቱንና ቀኑን እየቀየሩ የራሳቸውን ይጽፋሉ። ከዚያ ያለ ሰሌዳ። አንድ ሰው እውነተኛ ጉዳዩን ጽፎ ሬጂስትራር ሲቀበለው ያየውን ነገር አይረሳውም።

እርማት ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ መምህር ወረቀቱን በቀይ ያጥለቀልቀዋል። ድካም ነው፣ ቅንነትም ነው። ተማሪው ግን ማርኩን ብቻ አይቶ ያጥፈዋል፤ ክፍሉ ሲለቀቅ ወለሉ ላይ ታገኙታላችሁ። በአንድ ወረቀት አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ አርሙ። አስቀድማችሁም ንገሯቸው። “ዛሬ የማየው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግሥ እንዳለው ብቻ ነው” በሏቸው። ሌላውን እለፉት፤ እጃችሁን ቢበላችሁም እለፉት። ቅደም ተከተሉን እኔ እንዲህ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ የዓረፍተ ነገሩ አቀማመጥ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ይህ ቀላል አይደለም። ቀጥሎ “ማይ ፋዘር ሂ ኢዝ ፋርመር” ዓይነቱ፣ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ የሚጠራበት ስህተት። ከዚያ የጊዜ ጉዳይ። “ኤ” እና “ዘ” መጨረሻ ላይ ይምጡ፤ ተማሪው እነሱን ቢስትም ሐሳቡ ይገባል።

አማርኛ መጠቀም ይፈቀዳል ወይ የሚል ክርክር በየዲፓርትመንቱ አለ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አስቸጋሪ ነጥብ በአጭሩ በሚገባ ቋንቋ ቢብራራ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አማርኛ አይችልም። ከጅግጅጋ የመጣችው ልጅ፣ ከወለጋ የመጣው ልጅ እንግሊዝኛውም አማርኛውም ካመለጠው ሁለት ጊዜ ውጭ ቆመ ማለት ነው። ለእኔ የሠራው መላ ይህ ነው። ጥያቄውን በቀላል እንግሊዝኛ እሰጣለሁ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁለት ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ ይመካከራሉ። ከዚያ መልሱን በእንግሊዝኛ ይዘው ይመጣሉ። ክፍሉ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ። የመጀመሪያው ቀን ዝምታ የሚሰበረውም በዚህ ነው።

ንግግርን በተመለከተ በትልቅ ክፍል ሁሉንም ማናገር አይቻልም። ቴሌግራም ግን ሁሉም አለው። በየሳምንቱ አንድ ርዕስ እሰጣለሁ፣ አጭር የድምፅ መልእክት ለእኔ ብቻ ይልካሉ። ለግሩፑ አይደለም፣ ለእኔ ብቻ። ይህች ልዩነት ብዙ ዋጋ አላት። ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ተንፍሰው የማያውቁ ልጆች በድምፅ መልእክት አንደበተ ርቱዕ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። እየደጋገሙ ቀድተው፣ አጥፍተው፣ እንደገና ቀድተው ነው የሚልኩት፤ ልምምዱ ያ ነው። ዳታ የሌለው ተማሪ ይኖራል። ለእሱ ቢሮ ውስጥ ጊዜ ስጡት።

የግሩፕ አሳይመንት በዚህ ኮርስ አልመክርም። አንዱ ሰቃይ ይሠራዋል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስገባሉ። ትምህርቱ የሚያስፈልገው ልጅ ሳይማር ማርክ ያገኛል። ቤት ተሠርቶ የሚመጣ ጽሑፍም ዛሬ ቻትጂፒቲ የጻፈው ነው። በዚህ ልጆቹን ከመክሰስ ክፍል ውስጥ፣ በእጅ፣ በአጭር ጊዜ ማስጻፍ ይሻላል። አሥር መስመር የራሱ ጽሑፍ ከሦስት ገጽ የተቀዳ ይበልጣል። እንግሊዝኛ የሚችሉትን ልጆች ግን አትርሷቸው፤ ይሰለቻሉ። ዋናውን ምንባብ ስጧቸው፣ ማጠቃለያ ይጻፉ፣ የንባብ ጥንድ ሆነው ይቀመጡ። ጥንድ ሲሆኑ ግን መልሱን እንዳይናገሩ፣ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቁ አስለምዷቸው።

አሁን ለተማሪዎች። እህቴ፣ ወንድሜ፣ ሰዋስው መቸከል አያዋጣችሁም። ሕጉን በቃላችሁ ይዛችሁ አንቀጽ ማንበብ ካልቻላችሁ ሕጉ አይደርስላችሁም። በየቀኑ ትንሽ አንብቡ፣ ቀላሉን አንብቡ፣ ድምፅ አውጡ። ማታ ባዶ ክፍል ፈልጋችሁ ከጓደኛ ጋር ብትሆኑ ይበልጥ ጥሩ ነው። አዲስ ቃል ስታገኙ ነጠላውን አትጻፉ፤ የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለማዳመጥ የቢቢሲ የስድስት ደቂቃ እንግሊዝኛ ጥሩ ነው፣ ጽሑፉ አብሮት ስለሚወጣ መጀመሪያ ሰምታችሁ ከዚያ ታነባላችሁ። የቀድሞው የአሜሪካ ድምፅ ስፔሻል ኢንግሊሽ ደግሞ ወደ 1,500 በሚጠጉ ቃላት ብቻ፣ ቀስ እያለ የሚነበብ ነበር። ቅጂው እጃችሁ ከገባ ለጀማሪ እንዲህ የሚመች ጥቂት ነው። በየመንግሥት ዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከል አለ፤ ኤሊክ ይባላል። ብዙ ተማሪ የት ሕንፃ እንዳለ እንኳ አያውቅም። ሄዳችሁ ጠይቁ። መምህራችሁንም ጠይቁ። “ማንበብ ይከብደኛል” ብሎ የሚመጣ ተማሪ ለመምህር ሸክም አይደለም።

መምህራን፣ አንድ የመጨረሻ ጉዳይ አለ። ይህን ሁሉ ስትሠሩ ሞጁሉ አያልቅም። ስለዚህ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ ከዲፓርትመንት ኃላፊው ጋር ተነጋገሩ። መጀመሪያ ያስጻፋችኋቸውን ወረቀቶች ይዛችሁ ግቡ፤ ልጆቹ የጻፉትን ራሱ ይየው። የትኛውን ክፍል በአጭሩ እንደምታልፉ፣ ለፈተና የግድ የሚያስፈልገው የቱ እንደሆነ አብራችሁ ወስኑ። የጋራ ፈተና ካለ ከሌሎቹ ሴክሽን መምህራን ጋርም ተስማሙ። አለበለዚያ እናንተ ከሥር ስትገነቡ ተማሪዎቻችሁ ባልተማሩት ይፈተናሉ።

ውጤቱን አላጋንንም። አንድ ሴሚስተር የ12 ዓመት ክፍተት አይሞላም። የመጀመሪያው ቡድን ልጆች ሴሚስተሩ ሲያልቅ የፈተና ትእዛዝ ራሳቸው ያነባሉ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ረጅም ምንባብ ግን አሁንም ያደክማቸዋል። አንዳንዶቹ ይወድቃሉ። ለዚህ ነው የሁለተኛው ሴሚስተር መምህር ሌላ ሰው ከሆነ ባዶ እጁን እንዲጀምር አታድርጉ የምለው። ከግሬዱ ጋር አንድ ገጽ አስረክቡት፤ ማን ድምፅ ላይ እንዳለ፣ ማን ቀላል ምንባብ እንደሚያነብ፣ የትኛው የአጻጻፍ ስህተት እንደታረመ፣ ቀጥሎ የቱ እንደሚመጣ። ያሳጠራችኋቸውን ምንባቦችና የፈተና ቃላቱን ዝርዝርም በፍላሽ ጨምሩለት።